ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ ሰላምታ

የአገሪቱን ስም አልጽፍም። ስሟን ብጽፍ የሌላ አገር ሰው «የእኛ አይደለችም» ብሎ በሰላም ይተኛል፤ እኔ ደግሞ ማንም በሰላም እንዲተኛ አልፈልግም።

ሩቅ አገር ተምሬ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ስመለስ በዚያች አገር ወረቀት የሚባል ነገር ቀርቶ ነበር። የመሬቱም፣ የጋብቻውም፣ የክሱም ፋይል ታላቁ ማኅደር በሚባል አንድ ሕንፃ፣ በአንድ ግዙፍ ኮምፒውተር ውስጥ ተከማችቷል። የትኛውም ቢሮ ፋይል ሲፈልግ ከራሱ ኮምፒውተር በመስመር ይጠይቃል፤ ማኅደሩም ገጹን በዚያው መስመር ይልክለታል። ቢሮው ዘንድ ያለው ስክሪን ማያ ብቻ ነው። ፋይሉ ራሱ ከማኅደሩ አይወጣም። አሠራሩ መልካም ነው፤ እኔም ሩቅ አገር ሄጄ የተማርኩት ይህንኑ ነበር። ችግሩ፣ ሰው ፋይል ጠይቆ ጢሙ እስኪያድግ መጠበቁ ነው።

በተመለስኩ በሦስተኛው ሳምንት የዝግታ መርማሪ ተብዬ ተሾምኩ። የሾሙኝ የፍጥነት ጉዳይ ሹም አቶ ልሳነወርቅ ናቸው። ከእኔ በፊት ዝግታውን ለማጥፋት ሦስት እርምጃ እንደወሰዱ በኩራት አስረዱኝ። መጀመሪያ በየቢሮው «ፍጥነት ክብራችን ነው» የሚል ጽሑፍ አሰቀሉ። ቀጥለው የኮምፒውተር ሠራተኞቹን ወንበር አስለወጡ፤ የማይመች ወንበር ያዘገያል ተብሎ። በመጨረሻ የየቢሮውን ኮምፒውተር በሙሉ በአዲስ ተኩ። አዲሶቹ ኮምፒውተሮች በእርግጥ ፈጣን ነበሩ። ፋይል መጠበቅ የሚጀምሩት ከአሮጌዎቹ ቀድመው ነው።

አራተኛው እርምጃ በመሠራት ላይ ነበር። የጣት ውፍረት የነበረው የማኅደሩ ኬብል ተነሥቶ የክንድ ውፍረት ያለው ሊዘረጋ፣ ከተማው ከዳር እስከ ዳር ተቆፍሯል። በነባሩ ኬብል ውስጥ ምን ያህል እንደሚያልፍ የለካ ሰው ካለ ሹሙን ጠየቅኳቸው።

«ቀጭን መሆኑ በዓይን እየታየ ምን ይለካል?» አሉኝ።

እኔ ግን መለካት ነው የተማርኩት። ስለዚህ በማግስቱ የእጅ ሰዓቴን አስሬ ዝግታው ይብሳል ወደተባለበት ቦታ፣ ወደ ፍቺ ችሎት ሄድኩ።

የፍቺ ችሎት ማለት በነፃ የተለቀቁ እስረኞች ከወህኒ የሚወጡበት ችሎት ነው። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ እስረኛው እንዲወጣ ፋይሉ ከአንደኛው ገጽ እስከ መጨረሻው፣ በተራ፣ በአንድ ቀን ውስጥ ከማኅደር መጥቶ በዳኛው ፊት መነበብ አለበት። ሳያልቅ መዝጊያው ሰዓት ከደረሰ ቀጠሮ ይሰጣል። ግማሹ የመጣ ፋይል እንዳልመጣ ይቆጠራልና በማግስቱ እንደገና ከአንደኛው ገጽ ይጀመራል። የተሰጠው ቀጠሮም ሰነድ ስለሆነ አንድ ገጽ ሆኖ ከፋይሉ መሐል ይገባል። ፋይሉ ባልደረሰ ቁጥር ይረዝማል፤ በረዘመ ቁጥር አይደርስም። ይህንን የነገሩኝ ዳኛው ናቸው። ሲነግሩኝ ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም።

ከችሎቱ አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣ የተሰበረ ጃንጥላ ትጠግናለች። ወይዘሮ የኋላሸት ትባላለች። ሥራዋ ጃንጥላ መጠገን ነው፤ ባሏ ዘርጋው ደግሞ ጣሪያ ጠጋኝ ነው። «እሱ የቤቱን ዝናብ ይከለክላል፤ እኔ የመንገዱን» አለችኝ። ዘርጋው የታሰረው የአንድ መሥሪያ ቤት ጣሪያ ሲጠግን ሹምን ከላይ ወደ ታች አይቷል ተብሎ ነው። በዚያ አገር ሹምን ከላይ ማየት ወንጀል ነው። ነገሩ ሲጣራ የዚያ መሥሪያ ቤት ሹም በዚያ ሰዓት ቀርቶ በዚያ ሳምንት ቢሮ እንዳልገቡ ተረጋገጠ። የታየ ሹም ስለሌለ ያየ ሰው የለም ተባለና በነፃ ተለቀቀ። እሷ ችሎት መመላለስ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው።

«አንተ ደግሞ ስንተኛው መርማሪ ነህ፣ ልጄ?» አለችኝ ከጃንጥላው ቀና ሳትል።

የመጀመሪያው እንደሆንኩ ነገርኳት። ወንበር ሊለውጡ የመጡትም እንዲሁ ብለዋት እንደነበር መለሰችልኝ።

ዕለቱ ስልሳ አንደኛ ቀኗ ነበር። የዘርጋው ፋይል ሲጀመር መቶ ሃምሳ ገጽ ነበር፤ በስልሳ ቀጠሮ ሁለት መቶ አሥር ደርሷል። በአንድ ቀን የመጣው ትልቁ ቁጥር መቶ አርባ ነው። ሕጉ ሌላም ነገር አለው። መቶ ቀን ሙሉ ተጠይቆ ያልደረሰ ፋይል «የማይገኝ» ተብሎ ከማኅደሩ ይሰረዛል። ሰውየውስ ምን ይሆናል ብዬ ዳኛውን ጠየቅኩ።

«ፋይል የሌለው ሰው አልታሰረም» አሉኝ። «ካልታሰረ ደግሞ አይፈታም።»

ከኮምፒውተሩ ሠራተኛ አጠገብ ቆሜ ጠዋቱን ሙሉ ለካሁ። አንድ ገጽ ተጠይቆ እስኪመጣ በአማካይ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። ኬብሉን ፈተሽኩት፤ ሊይዝ ከሚችለው መቶኛውን እንኳ አልያዘም። ለአንድ መንገደኛ የተሠራ ሰፊ አውራ ጎዳና ነው። እንግዲህ ገጹ መንገድ ላይ አይደለም የሚቆየው። ከመነሻው ነው።

ማኅደሩን የሚጠብቁት ጋሼ ደምሳሽ የሚባሉ፣ ዘጠኝ ዓመት ሰው ሳይጠይቃቸው የኖሩ አዛውንት ናቸው። ለምን ይዘገያል ስላቸው ሳቁ። «ማንም ወደዚህ አይመጣም፤ ሁሉም ኬብሉን ነው የሚያየው» አሉና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞሩት።

ያየሁትን እንዳየሁት እጽፋለሁ። መስመሩ መጀመሪያ ሲዘረጋ የወግ ጉባኤ የሚባል የታላላቆች ሸንጎ ቅሬታ አቅርቦ ነበር። ኮምፒውተሮቹ ሰላም ሳይባባሉ ዕቃ ይቀባበላሉ፤ ይህ የሌባ ሥራ ነው፤ ልጆቻችን አይተው ይማራሉ የሚል። ስለዚህ ኮምፒውተሮቹ ወግ እንዲማሩ ተደረገ። ጠያቂው ኮምፒውተር አንድ ገጽ ከመቀበሉ በፊት ማኅደሩን አምስት ነገር ይጠይቃል፦ እንዴት ዋልክ፣ ቤቱ ደህና ነው፣ ከብቱ ደህና ነው፣ ዝናቡ እንዴት ነው፣ ሽማግሌዎቹ ደህና ናቸው? ማኅደሩ ለአምስቱም ይመልሳል። ቶሎ መመለስ ንቀት ነውና በየመልሱ አሥራ ሁለት ሴኮንድ ይቆያል። አንድ ደቂቃ ሙሉ ሰላምታ ነው። ከዚያ ገጹ ይላካል፤ ለመድረስ አንድ ሴኮንድ ይበቃዋል። ለሁለተኛው ገጽ እንደገና እንዴት ዋልክ ይባላል።

ይህ ብቻ አይደለም። ማኅደሩ አርባ ጠያቂ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግድባቸው አርባ መስኮቶች አሉት። ሠላሳ ዘጠኙ ተዘግተዋል። አንዱን እንግዳ እያናገሩ ሌላውን ሰላም ማለት አንደኛውን መናቅ ነው ተብሎ። የአገሩ ቢሮ ሁሉ በቀረው አንድ መስኮት ይሰለፋል። ከሦስቱ ደቂቃ ሁለቱ ወረፋ ነው።

ኮምፒውተር ምን ከብት አለው ብዬ ጋሼ ደምሳሽን ጠየቅኳቸው።

«እኔም ጠይቄ ነበር» አሉ። «ባይኖረውም መጠየቁ ክብር ነው አሉኝ።»

ቢሮዎቹ ሁሉ ለምሳ በተዘጉበት ሰዓት ሙከራ አደረግን። ጋሼ ደምሳሽ ምሳቸውን እዚያው ስለሚበሉ ማኅደሩ ክፍት ነው። ሰላምታውን ሳላጠፋ፣ በየገጹ የነበረውን በፋይሉ መግቢያ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሆን አደረግኩት። የለወጥኩት አንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ከዚያ የዘርጋውን ፋይል ጠየቅኩ። ሁለት መቶ አሥሩም ገጽ በአራት ደቂቃ ተኩል መጣ። የመጨረሻው ገጽ ላይ አንዲት ቃል አለች፦ «ይፈታ»።

ጋሼ ደምሳሽ ጉርሻቸውን እንደያዙ ቀሩ። ስልሳ አንድ ቀን ያስጠበቀው ፋይል እንጀራው እስኪቀዘቅዝ እንኳ አልቆየም። ቃሏን ለዳኛው ይዤ ልሂድ ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ችሎቱ የሚቀበለው በራሱ ኮምፒውተር የመጣለትን ብቻ ነው። ያንን ትእዛዝ ወደነበረበት መለስኩት። ያለ ፈቃድ አንድ ቀን ባቆየው ጋሼ ደምሳሽ ይታሰሩ ነበር፤ እሳቸው ከታሰሩ ደግሞ ፋይላቸው የሚመጣው በዚያው መስኮት ነው።

ሪፖርቴን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጽፌ ለሹሙ ሰጠሁ። ሹሙ ለወግ ጉባኤ መሩት። ጉባኤው ሊጠራኝ ከሦስት ሳምንት በላይ ፈጀ። ሰብሳቢዋ እማሆይ ትርንጎ የተባሉ፣ ቀጠን ያሉና ትሑት አነጋገር ያላቸው አሮጊት ናቸው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

«ልጄ፣ ሰላም ሳይል ቤት የሚገባ ማን ነው?» አሉኝ።

ሰላምታው እንዲቀር እንዳልጠየቅኩ አስረዳሁ። እንግዳ በር ላይ አንድ ጊዜ ሰላም ይባላል፤ ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ በየጉርሻው እንዴት ዋልክ የሚለው የለም፤ ቢኖር እንግዳው በረሃብ ይሞታል አልኩ። ከጉባኤተኞቹ አንዱ ሩቅ አገር የኖረ ሰው ሰላምታ እያጠረበት እንደሚሄድ ተናገሩ። ሌላው እኔ ራሴ ስገባ ከብቱን እንዳልጠየቅኩ አስታወሱ። እውነት ነበር፤ አልጠየቅኩም። አንድ ሰው ያለ ጥፋቱ ታስሮ ተቀምጧል ስላቸው ሁሉም ከልባቸው አዘኑ። እማሆይ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዚያ ሪፖርቱ በሚገባ እንዲጠና ወደ ማኅደር እንዲገባ ተወሰነ።

የዚያን ዕለት ከችሎቱ ስደርስ ሰማንያ ስምንተኛው ቀን ነበር። ወይዘሮ የኋላሸት ሁሉንም ሰማችኝ። ሰላምታው መሆኑን ስነግራት እጇ ላይ የነበረውን የጃንጥላ ሽቦ አጣመመችው።

«ይመጣል ወይስ አይመጣም?» አለችኝ። «ሌላውን ተወው። አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረኝ።»

ዘጠና ሰባተኛው ቀን የፍጥነት ቀን ነው። በዚያ አገር በየዓመቱ አንድ ቀን፣ ፍጥነትን ለማክበር ቢሮ ሁሉ ተዘግቶ ሰው አደባባይ ይወጣል። በዚያ ዓመት ወፍራሙ ኬብልም የሚመረቀው በዚሁ ቀን ነበር። ቢሮ ሁሉ ከተዘጋ በመስኮቱ ወረፋ የለም። ወረፋ ከሌለ ገጹ በሦስት ደቂቃ ሳይሆን በአንድ ደቂቃ ይመጣል፤ ሰላምታው ብቻውን አንድ ደቂቃ መሆኑን ምሳ ሰዓት ላይ ለክቼዋለሁ። በዚያ ቀን ፋይሉ ሁለት መቶ አርባ ስድስት ገጽ ይሆናል፤ ሁለት መቶ አርባ ስድስት ደቂቃ ማለት ነው። ችሎቱ ብቻውን ክፍት ቢሆን፣ ከነሰላምታው ይደርሳል።

ለጋሼ ደምሳሽ ነገርኳቸው። «ሰውየውን ታስፈታዋለህ» አሉኝ። «ሪፖርትህን ግን በገዛ እጅህ ትቀብረዋለህ። ያመጣው ኬብሉ ነው ይላሉ።»

አውቄዋለሁ። ሁለት ቀን ዞርኩ። በሦስተኛው ቀን ወደ ሹሙ ገብቼ፣ ለምረቃው ማሳያ እንዲሆን አንድ ችሎት ክፍት ሆኖ አንድ ረጅም ፋይል በሕዝብ ፊት ቢመጣስ አልኳቸው። ሹሙ ከወንበራቸው ተነሡ። የኬብሉን ፍጥነት ያሳያል ወይ አሉኝ። «ፋይሉ በሰዓቱ ይደርሳል» አልኩ። የጠየቁኝን አልመለስኩም፤ እሳቸውም አላስተዋሉም። እኔ ግን አስተውያለሁ።

የፍጥነት ቀን ደረሰ። የማርሽ ባንዱ ዘገየ፤ ሪባኑ የሚቆረጥበት መቀስ ጠፋ። ችሎቱ የተጀመረው ለሰባት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት ደቂቃ። የተረፈኝ ዘጠኝ ብቻ ነበር። ገጾቹ ከየሰላምታቸው ጋር፣ በየደቂቃው አንድ መምጣት ጀመሩ። ዳኛው ያነባሉ፤ በመስኮት የታጨቀው ሕዝብ ይቆጥራል። ወይዘሮ የኋላሸት ያን ቀን ጃንጥላ አልያዘችም።

መቶ ስልሳኛው ገጽ ላይ ሰዓቴን አየሁ። አንድ ገጽ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። ቀጣዩም ሁለት። መስኮቱ ላይ ሌላ ሰው ገብቷል። እየሮጥኩ ወጣሁ። አደባባዩ ላይ፣ ከመድረኩ ጀርባ፣ የሹሙ ጸሐፊ አንድ ኮምፒውተር ከፍቶ የሹሙን የምረቃ ንግግር ከማኅደር እያወጣ ነው። አሥራ ሁለት ገጽ ነው፤ አራተኛው ሰላምታ ላይ ደርሷል። ለሹሙ በጆሯቸው፣ ታላቅ ሰው በእንዲህ ያለ ቀን ከልቡ እንጂ ከስክሪን አይናገርም አልኳቸው። ደስ አላቸው። ኮምፒውተሩ ተዘጋ። አራት ደቂቃ ጠፍቶብኛል።

የመጨረሻው ገጽ የመጣው ለአሥራ አንድ ሰዓት አምስት ደቂቃ ጉዳይ ነው። ዳኛው መነጽራቸውን ጠረጉና «ይፈታ» ብለው አነበቡ። ከውጭ እልልታ ተነሣ። ዘርጋው ከጎን በር ሲገባ ከስቶ ነበር። ሚስቱን አየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ኮርኒሱን ተመለከተ። «ይሄ ጣሪያ ያፈሳል» አለ። ዳኛው ቀና ብሎ ማየቱን እንዲተው መከሩት።

ወዲያው ሹሙ ገቡና የኬብሉን ውፍረት በክንዳቸው እያሳዩ አገሪቱ ዝግታን ማሸነፏን ተናገሩ። እማሆይ ትርንጎ ተከተሉ። ሰላምታው ፍጥነትን እንደማይጎዳ ዛሬ በሕዝብ ፊት እንደታየ፣ እንዲያውም ሁለት መቶ አርባ ስድስት ጊዜ ሰላም ተብሎ ሁሉም በሰዓቱ እንደደረሰ አስረዱ። ስለዚህ ጉባኤው ሁለት ጥያቄ ጨምሯል፤ ሰብሉ እንዴት ነው፣ የጎረቤት ሰዎች ደህና ናቸው የሚሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ሹሙ እኔንም በስሜ ጠርተው አመሰገኑኝ። ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። ከዚያ ቀን ሁሉ የማፍርበት ይህ ነው።

ሕዝቡ ሲበተን አግዳሚው ወንበር ላይ የቀሩ ነበሩ። ባላቸውን፣ እናታቸውን፣ ወንድማቸውን የሚጠብቁ። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ወደ እኔ ቀርባ እጄን ሳመች። ሰባ ሦስተኛ ቀኗ ነው። የባሏ ፋይል ሁለት መቶ ሠላሳ ገጽ ነው።

«የእኛም ነገ ይደርሳል አይደል፣ ጌታዬ?» አለችኝ። «ኬብሉ ወፍሯል።»

ነገ ቢሮ ሁሉ ይከፈታል። ነገ ሰላምታው ሰባት ጥያቄ ይሆናል። በአምስቱ በቀን መቶ አርባ ገጽ ከመጣ በሰባቱ መቶ ቢሞላ ነው። ሁሉም ያዩኛል። ሹሙ በራፉ ላይ ቆመው እጅ ይጨብጣሉ። ወይዘሮ የኋላሸት የባሏን ክንድ እንደያዘች ቆማለች።

«አይደርስም» አልኩ።

ሴትዮዋ እጄን ለቀቀችው። ሹሙ ከበራፉ ዞሩ።

«ዛሬ የመጣው በኬብሉ አይደለም» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ዛሬ የመጣው ሌላው ሰው ሁሉ ስላልጠየቀ ነው። አንድ ሰው ለማስፈታት አገሩን በሙሉ አቆምን። በአራት ደቂቃ ሊመጣ ይችል ነበር፤ አይቼዋለሁ።»

ሹሙ በጣም ደክሞኛልና ወደ ቤቴ እንድሄድ ነገሩኝ። ዘበኛውንም በዓይናቸው ጠሩት። ዘርጋው ምንም አልገባውም፤ ወደ በሩ ሊራመድ ነበር። ወይዘሮ የኋላሸት ክንዱን ጎትታ፣ ዘጠና ሰባት ቀን ከተቀመጠችበት አግዳሚ ላይ፣ ልጅ ካዘለችው ሴት አጠገብ አስቀመጠችው።

«ቁጭ በል» አለችው። «አልሄድንም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገራቸው» አለችኝ። «ቀስ ብለህ፤ ሁሉም እንዲገባቸው።»